አፍንጫ የማይደርስበት ሱስ፦ ከጋያ እስከ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ጎፋን የሚያካትተው ክፍለ ከተማ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። «ነፋስ ስልክ» የሚለው ስያሜ ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ የተወረሰ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ ቃል ከአገር አገር መሻገሩን የሰማ የዚያ ዘመን ሰው፣ ዓይን የማያየውንና እጅ የማይጨብጠውን ነገር በሚያውቀው በነፋስ መስሎ ሰየመው። ሰው በስሜት ሕዋሳቱ ሊደርስበት ያልቻለውን ነገር የሚረዳው አስቀድሞ ከሚያውቀው ጋር እያመሳሰለ ነው። ለሬዲዮ ሞገድ ይህ ዘዴ ጉዳት አላመጣም። ወደ ሳንባ ለሚገባ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የጎፋ እናት ልጇ ሲጋራ መጀመሩን የምታውቀው በጃኬቱ ሽታ፣ በጣቱ ቢጫነትና በሌሊት ሳሉ ነበር። ዛሬ «ቬፕ» እየተባለ የሚጠራው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም ላያሳይ ይችላል። ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የተሳበው የማንጎ ወይም የእንጆሪ ሽታ ወደሚቀጥለው ፎቅ ሳይደርስ ይበናል፤ መሣሪያውም እስክሪብቶ ወይም የኮምፒውተር ፍላሽ ይመስላል። ተጠቃሚው ራሱም ቢሆን ጉሮሮው ስለማይቃጠል «ይህ እንኳ አይጎዳም» ቢል ለአባባሉ ከገዛ አካሉ ምስክር ያገኛል። ለመሆኑ የሰው ልጅ ተፈጥሯዊ የማስጠንቀቂያ ደወል ዘመን ወለድ አደጋዎችን የመለየት አቅም አለውን? የትምባሆ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ይዟል።

ስለ ትምባሆ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት አለ፤ ይኸውም አካል ትምባሆን እንደ አደጋ አያውቀውም የሚለው ነው። አካል በሚገባ ያውቀዋል። ኒኮቲን የትምባሆ ተክል ቅጠሉን ከሚበሉ ነፍሳት ራሱን የሚከላከልበት መርዝ ነው። በ1828 ፖሰልትና ራይማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በሃይደልበርግ ከቅጠሉ ለይተው አወጡት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በእርሻ ላይ በተባይ ማጥፊያነት አገልግሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጨስ ሰው ያስላል፣ ጉሮሮው ይቃጠላል፣ ምራቁ ይበዛል፣ ያልበዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል። በሜዱላ ውስጥ የሚገኘውና በደም ውስጥ መርዝ ሲያገኝ ትውከትን የሚያስነሣው የአንጎል ክፍል ሥራውን በትክክል ሠርቷል ማለት ነው። ጋርሲያና ኮሊንግ በ1966 ባሳተሙት ታዋቂ ሙከራ እንዳሳዩት፣ አይጥ የማቅለሽለሽ ስሜትን ከቀመሰችው ጣዕም ጋር በፍጥነት ታያይዛለች፤ ከብርሃንና ከድምፅ ጋር ግን አታያይዝም። አካል ከምን መሸሽ እንዳለበት ለመማር የተዘጋጀው በተወሰኑ በሮች ብቻ ነው። ማርቲን ሴሊግማን በ1971 ይህንን ሐሳብ ወደ ሰው ፍርሃት አሸጋግሮ፣ ሰዎች እባብንና ሸረሪትን መፍራት የሚቀልላቸው ብዙ ሰው ከሚገድሉት ዘመናዊ ነገሮች ይልቅ እንደሆነ አመለከተ።

እንግዲህ ደወሉ ከተደወለ ሰው ለምን አልሸሸም? አንደኛው ምክንያት የታወቀ ነው፤ አካል ኒኮቲንን በፍጥነት ይለምዳል፤ ማቅለሽለሹ ቀርቶ እፎይታው ይቀራል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የታሪክ ሰዎች ሊያተኩሩበት የሚገባው ነው። ትምባሆን የሚያዘጋጁ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ደወሉን አንድ በአንድ ሲያለዝቡት ኖረዋል።

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ የመጀመሪያው መሣሪያ ጋያ ነው ማለት ይቻላል። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚታወቀው ይህ በቅልና በመቃ የሚሠራ ማጨሻ ጭሱን በውኃ ውስጥ አሳልፎ ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ ጭስ ጉሮሮን እምብዛም ስለማይቆጣ ውኃው መርዙን ያጠበው ይመስላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አብዛኛው ያልፋል። ሱረት የሚስቡት ደግሞ ጭሱን ጨርሰው ትተው የላመ ትምባሆን በአፍንጫ ይወስዳሉ። በሰሜኑ የክርስቲያን ደጋ ትምባሆ ከሃይማኖት ጋር ተጋጭቶ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1872–1889) ትምባሆን አጥብቀው ከለከሉ፤ በዘመኑ አገሪቱን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች የአጫሽ ከንፈር፣ ሱረት የሚስብ ሰው አፍንጫ ይቆረጥ እንደነበር ጽፈዋል። የተጓዥ ወሬ ማጋነን አያጣውምና ዝርዝሩን በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል። የክልከላው ምክንያትም ሃይማኖት እንጂ የጤና ጉዳይ አልነበረም። ቢሆንም ለአሁኑ ነገር የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ለትምባሆ ያደረበት ጥላቻ ከተፈጥሮ የመጣ ደመ ነፍስ ሳይሆን የተማረው ነው፤ የተማረውም በጭሱና በሽታው ላይ አሳርፎ ነው። በቅዱስ ስፍራ አጠገብ ትምባሆ መሽተት ነውር ነበር።

ጥላቻው እንዳለ ሆኖ መንግሥት ከከልካይነት ወደ ነጋዴነት ተሸጋገረ። በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ፤ ሲጋራ መሸጥ የመንግሥት ገቢ ምንጭ ሆነ። ከሲጋራዎቹ መካከል በጣም የታወቀው በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኘው የደጋ አጋዘን ስሙን የወሰደው «ኒያላ» ሲሆን፣ ሌላው «ግስላ» ይባላል። ግስላን በጫካ ቢያገኛት ነፍሴ አውጪኝ ብሎ የሚሮጥ ሰው ስሟን በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ሴሊግማን ይህንን ቢያውቅ ለማስተማሪያነት ይጠቅመው ነበር። ቆይቶም ጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ባደረገው ተጨማሪ ግዢም ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ ከፍ አደረገ። ከመቶ ጎልማሳ አምስቱ ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር (በ2016 የተካሄደው የጎልማሶች የትምባሆ ጥናት ያገኘው ይህንን ነው) ይህን ያህል ገንዘብ የፈሰሰው ስለ ሌሎቹ 95 ሰዎች ታስቦ ጭምር መሆኑን ለመገመት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ መሆን አያሻም።

ሲጋራ ራሱ በትምባሆ ታሪክ ውስጥ ትልቁ የደወል ማለዘቢያ ነው። የሲጋርና የፒፓ ጭስ አልካላይን በመሆኑ ጉሮሮን ይቆጣል፤ ብዙ አጫሾች በአፋቸው ይይዙታል እንጂ ወደ ሳንባ አይስቡትም። በሙቀት አየር የደረቀ የሲጋራ ትምባሆ ግን ስኳሩን ስለሚይዝ ጭሱ ወደ አሲድነት ያዘነብላል፣ ይለዝባል፣ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይሳባል። በ1880ዎቹ የቦንሳክ ማሽን ሲጋራን በገፍ ማምረት ሲጀምር ለስላሳው ጭስ ርካሽም ሆነ። ከዚያ ሜንቶል መጣ፤ ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚለዩትን ነርቮች በማነቃቃት መቃጠሉን ይሸፍናል። በ1950ዎቹ ፊልተር ተስፋፋ፤ ቀጥሎም በፊልተሩ ዙሪያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት «ላይት» ሲጋራ ተከተለ። አጫሹ ጭሱ ስለለዘበለት የተጠበቀ መሰለው፤ ኒኮቲኑ እንዳይጎድልበት ግን ሳያውቀው በጥልቀት መሳብና ቀዳዳዎቹን በጣቱ መድፈን ጀመረ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሐኪሞች የት ነበሩ? ከአጫሾቹ መካከል ነበሩ። በብሪታንያ የሳንባ ካንሰር ለምን እንደበዛ እንዲመረምሩ የታዘዙት ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ሥራውን ሲጀምሩ ዶል የጠረጠረው የመንገድ ሬንጅንና የመኪና ጭስን ነበር። ራሱ ያጨስ ነበር። ውጤቱ በ1950 ከመታተሙ በፊት፣ ቁጥሮቹን ባየ ጊዜ፣ ማጨሱን አቆመ። የሠለጠነ ሐኪም ግምት እንኳ ወደ ሬንጁ መርቶት ነበር፤ እውነቱን ያሳየው የታማሚዎች ቆጠራ ነው። በጭሱና በካንሰሩ መካከል ያለው ጊዜ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲሆን ነርቭም ሆነ ትዝታ ሊያያይዛቸው አይችልም። የጋርሲያ አይጥ እንኳ በሰዓታት ውስጥ የሚመጣን ሕመም እንጂ ከትውልድ በኋላ የሚመጣን አትማርም።

ስለ ሽታ የተለየ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሰል ሲያቀጣጥል ምድጃውን ውጪ ያቆየዋል፤ ጭሱ ከወጣለትና ፍሙ ከቀላ በኋላ ወደ ቤት ያስገባዋል። ይህ ብልኀት ዓይንንና አፍንጫን ከሚያስቸግረው ጭስ ያድናል፤ ሽታም ቀለምም ከሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አያድንም። በዚሁ ምክንያት በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ሬሳ የተቀበለ የጤና ተቋም ሠራተኛ ደወሉ የት እንደጎደለ ያውቃል። የምግብ ማብሰያ ጋዝም በተፈጥሮው ሽታ የለውም። በ1937 በቴክሳስ ኒው ለንደን በተባለች ከተማ አንድ ትምህርት ቤት በፈሰሰ ጋዝ ፈንድቶ ከ290 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ካለቁ በኋላ በጋዝ ውስጥ መርካፕታን የተባለ የሚከረፋ ነገር መጨመር ግዴታ እየሆነ መጣ። ዛሬ አንዲት የቤት እመቤት «ጋዝ ሸተተኝ» ስትል የሸተታት ጋዙ አይደለም፤ ሰዎች ሆን ብለው ያስገቡላት ማስጠንቀቂያ ነው። ተፈጥሮ የነፈገውን ደወል ሕግ ሠርቶ ሰቀለው ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ኢንዱስትሪ የሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ተፈጥሮ የሰጠችውን ምሬትና ቃጠሎ አውጥቶ በምትኩ የጣፋጭ ሽታ ጨመረበት።

የመሣሪያው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ኸርበርት ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ በ1963 ጭስ የሌለው ሲጋራ ፈጥሬያለሁ ብሎ ለባለቤትነት መብት አመልክቶ ነበር፤ የሚያመርትለት አላገኘም። በገበያ የተሳካለት ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆን መሣሪያውን በ2003 ሠራ። አባቱ በሳንባ ካንሰር ሞተዋል፤ ራሱም አጫሽ ነበር። ዓላማው ሲጋራን መተካት እንደነበር ሲናገር አለማመን አይገባም። ባትሪው ትንሽ የሽቦ ጥቅል ያግላል፤ የጋለው ሽቦ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ውስጥ የሟሟውን ኒኮቲን ያተናል። እንፋሎት ቢባልም በእርግጥ ጥቃቅን የፈሳሽ ጠብታዎች ደመና ነው። ሁለቱ ፈሳሾች በመድኃኒትና በምግብ ዝግጅት የሚታወቁ መሆናቸው ብዙዎችን አረጋግቷል፤ ይሁን እንጂ ለሆድ የተፈተነ ነገር ለሳንባ ተፈተነ አይባልም።

በ2010ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ነገሩ የሲጋራ ምትክ ከመሆን አልፎ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆነ። ሽቦውን በእጃቸው የሚጠመጥሙ፣ ፈሳሹን በራሳቸው የሚቀምሙ፣ ማን ትልቅ ደመና ያወጣል ብለው የሚወዳደሩ ሰዎች ማኅበር አበጁ። እዚህ ላይ ደመ ነፍስ ዝም ከማለትም አልፎ ወደ አደጋው ይገፋል፤ የማወቅ ጉጉት፣ የእጅ ሥራ ደስታ፣ ከጓደኛ ጋር መሆንና የጣፋጭ ፍላጎት ሁሉም ተፈጥሯዊ ናቸው። በአዲስ አበባ ለዚህ መንገድ የጠረገው ሺሻ ነው። በፖም ሽታ የታሸው ትምባሆ፣ የውኃው ድምፅና የጫት ቤት ጨዋታ «ይህ ማጨስ አይደለም» የሚል አስተሳሰብ ፈጥረዋል፤ ለአንድ ሰዓት ሺሻ የሚስብ ሰው የሚያስገባው የጭስ መጠን ግን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

የመጨረሻውን ደወል ያጠፋው በ2015 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ጁል ነው። ቀድሞ በነበሩት መሣሪያዎች ኒኮቲኑ ሲበዛ ጉሮሮን ያቃጥል ስለነበር ተጠቃሚው በራሱ ይቆጠብ ነበር። ጁል ቤንዞይክ አሲድ ጨምሮ ኒኮቲኑን ወደ ጨው ለወጠው፤ በዚህም 5 በመቶ የኒኮቲን ይዘት ያለው ፈሳሽ ያለ ቃጠሎ የሚሳብ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ያወጣው መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ሲከለክል ይህኛው ከ50 ሚሊ ግራም ያልፋል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ ተጠቃሚነት በ2017 ከነበረበት 11.7 በመቶ በ2019 ወደ 27.5 በመቶ ደረሰ። ሕግ፣ ቁጥጥርና ትምህርት ተጨምረውበት በ2024 ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል።

አፍንጫ ምን ያህል ሊታለል እንደሚችል የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ። በ2000 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ የሠሩ ስምንት ሰዎች ብሮንኪዮላይትስ ኦብሊተራንስ ይዟቸው ተገኙ፤ ለሕመማቸው ምክንያት የተባለው ለፈንዲሻው የቅቤ ሽታ የሚሰጠው ዳይአሴቲል ነበር። ከቅቤ ሽታ የሚሸሽ ሳንባ የለም። በ2015 የታተመ የሃርቫርድ ጥናት ከመረመራቸው 51 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጣዕሞች ውስጥ በ39ኙ ይኸው ንጥረ ነገር መኖሩን አገኘ። ቬፕ ሁሉ ይህንን በሽታ ያመጣል ማለት ግን አይደለም፤ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ዳይአሴቲል ይበልጣልና ወሬው ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል። ሁለተኛው የ2019ኙ ድንገተኛ የሳንባ ጉዳት ወረርሽኝ ነው። በአሜሪካ እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ታማሚዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም የ68ቱ ሞት ተረጋግጧል። አብዛኞቹ የተጠቀሙት የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለውን ፈሳሽ ሲሆን ለማወፈሪያ የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሴቴት ከ51 ታማሚዎች በ48ቱ የሳንባ እጥበት ፈሳሽ ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ቫይታሚን በቆዳ ቅባት ውስጥ በየፋርማሲው ያለ ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2004 ፈርማ በ2014 አጸደቀች። በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ፣ ሺሻንና ኒኮቲን የሚሰጡ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን ከለከለ፤ በፓኬቱ ላይ የሚታተመው ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያም 70 በመቶውን እንዲሸፍን አዘዘ። ብሪታንያ ሌላ መንገድ መርጣ አጫሾች ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዲዛወሩ ስታበረታታ ቆይታለች። ኒኮቲን ያለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማጨስ ለማቆም ከማስቲካና ከፕላስተር የተሻለ እንደሚረዳ የኮክሬን ግምገማ አስተማማኝ ማስረጃ አግኝቷል፤ ይህንን መደበቅ ለባለሙያ አይገባም። ልዩነቱ ያለው በሕዝቡ ነው። ብዙ አጫሽ ባለበት አገር መሣሪያው ከከፋው ወደ ቀላሉ መውጫ ሊሆን ይችላል። ከመቶ 95 ሰው ትምባሆ በማይነካበት አገር ግን በአብዛኛው መግቢያ ነው የሚሆነው። ያንን 95 ሰው ሲጠብቅ የኖረው ደግሞ ጭሱን መጥላቱ ነበር፤ ጭሱ ሲወገድ ጥላቻው የሚያርፍበት ያጣል።

አዋጁ የሚከለክለው መሣሪያ በመዳፍ ውስጥ የሚሰወር በመሆኑ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ታማሚ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ፈሳሹ ለሕፃን የከረሜላ ሽታ ስላለው የጠጣ ሕፃንም ሊመጣ ይችላል፤ ትውከት፣ የምራቅ መብዛት፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ሲታይ ኒኮቲንን ማሰብ ያስፈልጋል። በየመጻሕፍቱ ለገዳይ መጠንነት ሲደገም የኖረው 60 ሚሊ ግራም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በራሳቸው ላይ ከሞከሩ ሰዎች ዘገባ የተገኘ ግምት ሲሆን፣ በ2014 በርንድ ማየር ለጎልማሳ ገዳይ የሆነው መጠን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሳይሆን እንደማይቀር ተከራክሯል። ለሕፃን ግን ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል።

በታማሚ ካርድ ላይ የሚሞላው ጥያቄ አሁንም «ያጨሳሉ? በቀን ስንት?» የሚል ነው። የፓኬት ዓመት ስሌት የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ከጎፋ የመጣው የሃያ ዓመት ወጣት «አላጨስም» ሲል አልዋሸም፤ በአማርኛ ማጨስ ጭስ ማውጣት ነውና በእርሱ ዘንድ ጭስ የለም። በቀን ስንት ቢባልም የሚቆጥረው ነገር የለውም፤ መሣሪያው አመድም ቁራጭም አይተውም፣ ሲያልቅም «በቃ» የሚለው ምልክት የለውም። ስለዚህ ቬፕን፣ ሺሻን፣ ጋያንና ሱረትን በየስማቸው እየጠሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፋገርስትሮም የሱስ መለኪያ ጥያቄዎችም የመጀመሪያው በትንሽ ለውጥ ለዚህ ወጣት ይሠራል፤ ጭስን፣ ሽታን ወይም የሲጋራ ቁጥርን አይጠይቅምና፦ «ጠዋት ከእንቅልፍህ ከተነሣህ በስንት ደቂቃ ውስጥ ነው የመጀመሪያውን የምትስበው?»